ሳጥኗ ያልደወለችበት ምክንያት

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለዲድሪክ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጀርባህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ከዚያ የእንጨት መሰንጠቂያ ጎብጠህ ነው የምትገባው? ዶሪንስ እንዴት ናት? ያ የክረምቱ ጉንፋን ለቀቃት? ኬንት ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ትንሿ ሊያን ጥርስ አበቀለች? በላክኸው ፎቶ ላይ ድዷን አሳይታ ስትስቅ ባየኋት ጊዜ ቁርጥ እማዬን መሰለችኝ፤ እማዬም ጥርሷን አውልቃ ብርጭቆ ውስጥ ስታስቀምጥ እንደዚያው ነው የምትስቀው። እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። ጌርሃርድ ደህና ነው፣ ልጆቻችን ደህና ናቸው፣ ላሞቹ እንኳ ሳይቀሩ ደህና ናቸው። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ደብዳቤውን ልዝጋው ብል ግን ወረቀቱ ራሱ ይታዘበኛል።

ስልክ እያለ ይህን ሁሉ ምን አስጻፋት ትል ይሆናል። ምክንያቴን ልንገርህ። አንተ በስልክ አታዳምጥም። ገና ግማሽ ሳልደርስ መልሱን ትሰጠኛለህ፤ ቀጥለህም የሩቅ አገር ስልክ ነው ብለህ ትዘጋብኛለህ። ይህን ነገር በስልክ ብነግርህ ደግሞ የእኔን ዘግተህ ወዲያው ወደ አባባ ትደውላለህ፣ ትጮህባቸዋለህ። አባባ ሲጮህባቸው ምን እንደሚያደርጉ ታውቃለህ፤ አንዲት ቃል ሳይመልሱ ተነስተው ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳሉ። እኔ የፈራሁት እሱኑ መውረዳቸውን ነው። ደብዳቤ ይዘገያል እንጂ አይጮህም፤ አንተም አንብበህ ሳትጨርስ ልትመልስልኝ አትችልም። ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው። ታላቅህ ነኝ፣ ይህችን ያህል ልዘዝህ።

የዘንድሮው በረዶ የጉድ ነበር። ከጎተራው በስተጀርባ ያለው ክምር እስከ ፋሲካ ድረስ ከአጥሩ በላይ ቆሞ ነበር፤ አሁን ግን ቀን ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት ተመልሶ ይደርቃል። ወንዙ ገና በረዶውን አልሰበረም። ውሃው ከደቡብ፣ ከአሜሪካኖቹ በኩል እየመጣ ነው፤ እዚያ ሁሉም ነገር ቀልጧል፣ እዚህ ደግሞ ገና ድንጋይ ነው፤ ስለዚህ መሄጃ ሲያጣ ወደ ጎን ወደ ማሳው ይተኛል። በሬዲዮ የሚናገሩት ሰዎች ውሃው ከፍ የሚለው ከመጪው እሁድ በኋላ ነው ይላሉ። ወንዶቹ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የአሸዋ ጆንያ ሲሞሉ ይውላሉ። ሲሞሉ ድሮ ይዘፍኑ፣ ይቀላለዱ ነበር፤ ዘንድሮ ድምፃቸው አይሰማም። ሰማዩም ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። በዚህ ላይ ዝናብ ከጨመረበት ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም።

ከምድር በታች ያለው ውሃ ግን ወንዙን አልጠበቀም። የእማዬና የአባባ ቤት ፓምፕ ከፋሲካ ወዲህ እረፍት አያውቅም። ምድር ቤቱ ጥግ ካለው ጉድጓድ ውሃውን ይስባል፣ ያስወጣል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ እንደገና ይስባል። በፊት ገበታ ቀርበን ጸሎት አድርሰን፣ ሾርባውን ጨርሰን፣ ሰው አምተን ስንነሳ ነበር አንድ ጊዜ የሚጮኸው። አሁን ጸሎቱን እንኳ አያስጨርሰንም።

ለገና ይዘህላቸው የመጣሃትን ሳጥን ሳያት መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ነው የምነግርህ። ኩሽናው ግድግዳ ላይ ሰቀልካት፣ ሽቦዋን በወለሉ አሳልፈህ ወደ ጉድጓዱ አወረድክ፣ ጫፏ ላይ ያቺን ብርቱካን የምታህል ተንሳፋፊ አሰርክ። ፓምፑ ውሃውን መቋቋም አቅቶት ውሃው ተንሳፋፊዋን ያነሳት እንደሆነ ሳጥኗ መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥላ ለአንተ ትደውላለች አልከን። አባባ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ሲያዩህ ቆዩና ከቤቴ ግድግዳ ላይ ወሬ አቀባይ ሰቀላችሁብኝ አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም ነበር፤ አሁን ነው ይህ የታወሰኝ።

በማርች ወር ሁለት ጊዜ ደወለች። ሁለቱንም ጊዜ ጌርሃርድ ሮጦ ሄዶ የፓምፑን ማብሪያ አስተካክሎ ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን አንተ ደውለህ ለአባባ ምን እንዳልካቸው አልረሳኸውም መቼም። አንድ ጊዜ ደግማ ከደወለች ቤቱ ይሸጣል፣ እናንተም ከተማ ወዳለው መጦሪያ ትገባላችሁ፣ ነገሩ አለቀ ነው ያልካቸው። እማዬ በመኝታ ቤቱ ስልክ ትሰማህ ነበር። ስልኩን ቦታው መልሰው ሾርባቸውን በሉ። ያ ምድር ቤት በእጃቸው የቆፈሩት ነው፤ እማዬ አንተን አርግዛ እኔ በጭቃው ስጫወት በአካፋ ነው አፈሩን ያወጡት። ይህን የምነግርህ ሳታውቀው ቀርተህ አይደለም። ስልክ ይዘህ ስትቆጣ ስለምትረሳው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳጥኗ ድምፅዋን አጠፋች። አንተ ደስ አለህ። ለእኔ ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። የኛም ምድር ቤት ውሃ አስገብቷል፣ የጎረቤታቸው የኦልፈርትም አስገብቷል፣ የሰባኪያችንም እንኳ አስገብቷል፤ ከሁሉም ዝቅ ብሎ የተሠራው የአባባ ቤት እንዴት ደረቀ? ገብቼ ስወጣ የረጠበ ካርቶን ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይቀራል። እማዬ ምድር ቤት የነበሩትን የፕለምና የኪያር ማሰሮዎቿን አንድ በአንድ አውጥታ አልጋቸው ስር ደርድራቸዋለች፤ ምነው ስላት ደረጃው ሰለቸኝ አለችኝ። ይባስ ብሎ አንድ ቀን አባባ የጎማ ቦት ጫማቸውን እንዳጠለቁ ኩሽና ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰባኪውን ሳይቀር በር ላይ ጫማ የምታስወልቀው እናታችን አይታ ቡናቸውን ቀዳችላቸው።

ባለፈው ሐሙስ የደወልኩልህ ለዚህ ነበር። እዚህ የሆነ ነገር አለ ስልህ ምን እንደመለስክልኝ አስታውስ። ሳጥኗ ካልደወለች ውሃ የለም ማለት ነው፣ አንቺ ሲፈጥርሽም ጨንቆሽ ነው የተወለድሽው አልከኝና ዘጋኸው። ወንድሜ፣ ከሳጥን ያነስኩ እህት መሆኔን ያን ዕለት አወቅሁ።

ትናንት እሁድ ለፋስፓ፣ ለከሰዓቱ የዳቦና የቡና ገበታ፣ ሄድን። እማዬ ድርብ ዳቦዋን ጋግራ፣ አይቡንና ማርማላታውን አቅርባ፣ ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ነው። አባባ ግን ገበታው ላይ የሉም። ትንሽ አረፍ ብለዋል አለች እማዬ። ኪያሩ ሲያልቅ ከታች ላምጣ ብዬ ብነሳ በበሩ ፊት ቆማ ተዪው እኔ አመጣለሁ አለችኝ። ይህች ደረጃው ሰለቸኝ ያለችዋ ሴት ናት! ክንዷን ቀስ ብዬ ገለል አድርጌ ወረድኩ።

ዲድሪክ፣ ውሃው ከመጨረሻው ደረጃ በላይ ነበር። የድሮው የልብስ ማጠቢያ ማሽን እግሩ አይታይም። የእማዬ መደርደሪያ ባዶውን ቆሟል። አባባ ከጉድጓዱ ጎን በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ቦት ጫማቸው ውሃ ውስጥ ነው፣ እጃቸው ላይ የመኮትኮቻ እጀታ ይዘዋል። የፓምፑ ማብሪያ አንዳንዴ ይያዛል፤ ያን ጊዜ በእጀታው ነካ ያደርጉታል፤ እንደገና ይነሳል። ወደ ፓምፑ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ገመድ መሐሉ ላይ በፕላስተር የተቀጠለ ነው፤ ግድግዳው ላይ ካለች ምስማር ተንጠልጥሏል፣ ከስሩ ውሃ ነው። ከጣሪያው ወራጅ ላይ ደግሞ አንድ የሽሮፕ ቆርቆሮ በሲባጎ ታስሮ ተሰቅሏል። ከቆርቆሮው ውስጥ የሳጥኗ ሽቦ ይወጣል። ተንሳፋፊህ እዚያ ውስጥ ናት፤ እንደ እንቁላል በጨርቅ ተጠቅልላ፣ ደረቅ።

“ደረጃው ያንሸራትታል፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ” አሉኝ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው።

ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ፓምፑን እየጠበቅሁ ነው አሉኝ። ውሃው ሲሞላ ማን ይነግረናል ብላቸው እኔ አለሁ አይደል ወይ አሉ። ላውርዳት ብዬ እጄን ወደ ቆርቆሮው ሰደድኩ። አልተቆጡም። ተነስተው ሊከለክሉኝም አልሞከሩም። አዩኝና እንዲህ አሉኝ፦

“እሷ ከደወለች ቤቴ ሄደ፣ ልጄ። ካልደወለች ግን ያለብኝ ጠላት ውሃ ብቻ ነው። ከውሃ ጋር ደግሞ እንተዋወቃለን።”

እጄን መለስኩ። ምን ላድርግ? ተንሳፋፊዋን ውሃው ውስጥ ብጥላት ያኔውኑ አንተ ዘንድ ትደውላለች፤ አንተም ያልከውን ትላለህ፤ ከዚያ በኋላ አባባን ከዚያ ወንበር የሚያስነሳቸው ኃይል አይኖርም። ጌርሃርድ ከኋላዬ መጥቶ ሁሉንም ሲያይ ደሙ ፈላ፤ ተሸክሜ አወጣቸዋለሁ ብሎ ጫማውን ሊያወልቅ ጀመረ። አባባ ሳይቆጡ “ስሞት ትሸከመኛለህ፣ አትቸኩል” አሉት። ባሌ ትልቅ ሰው ነው፣ ታውቀዋለህ። እንደ ሕፃን ልጅ ተኮማትሮ ቀረ።

እማዬስ ምን ትላለች እንዳትለኝ። እሷ ላይ ሆና መጥረጊያ ይዛ ትቀመጣለች። በየጥቂቱ በመጥረጊያው እንጨት ወለሉን ትመታለች፤ አባባ ደግሞ ከታች በእጀታው ጣሪያውን ይመልሱላታል። በሕይወት አለሁ ማለታቸው ነው። ሹራቧን ትሠራለች፣ ትመታለች፣ ታዳምጣለች፣ ትሠራለች። ፓምፑን አባባ ይጠብቃሉ፣ አባባን እማዬ ትጠብቃለች፣ እማዬን ማን እንደሚጠብቃት እግዚአብሔር ይወቀው። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ብጮህባት በዚህ ዕድሜዬ በባሌ ላይ ላሳብቅ ወይ አለችኝ፤ አይኗ ግን እንባ አቅርሯል። አንዳንዴ መልሱ ይዘገያል አለችኝ ቀጥላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ እንቅልፍ ይጥላቸዋል መሰለኝ።

የሚገርምህን ልጨምርልህ። ዋናው የውሃ መውጫ ቱቦ ገና በበረዶ እንደተዘጋ ነው፤ እስከ ሜይ አይከፈትም። ስለዚህ አባባ አንድ የጎማ ቱቦ በመስኮት አውጥተዋል። ረጅሙን ጎማ ቢያደርጉ ውሃው በተዳፋቱ ወርዶ ወደ ኦልፈርት ግቢ ይሄዳል፤ ሌላ ዘቅዛቃ ቦታ የለም። እሳቸው ግን አጭሩን አድርገው እማዬ አበባ ከምትተክልበት ከግድግዳው ሥር ያፈሱታል። ውሃው እዚያው ትንሽ ይተኛና በግድግዳው በኩል ሰርጎ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ጌርሃርድ አይቶት አባትሽ ያንኑ አንድ ውሃ ነው ሲያስወጡ የሚውሉት አለኝ።

ለምን መሰለህ? የራሳቸውን ውሃ በእምነት ወንድማቸው ቤት ላይ ላለማፍሰስ ነው። ኦልፈርት ራሱ ትናንት ከፋስፓ በኋላ አጥሩን ዘሎ መጣ። “ኢስብራንድ፣ ጎማህን ወደ እኔ ልቀቀው፤ እኔ ምድር ቤት ያለው የበቀለ ድንች ነው፣ ይጠጣበት” ብሎ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ለመናቸው። አባባም ከታች ሆነው አንተ ብትፈቅድም እኔ አላደርገውም አሉት። እኔ እኮ ነኝ የምለምንህ አለ ኦልፈርት። ብትለምነኝም አሉ። ሁለት ሽማግሌዎች በአንዲት ጠባብ መስኮት አንዱ ተንበርክኮ አንዱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ እኔ ልጎዳ እኔ ልጎዳ ብለው ሲከራከሩ እኔ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላውቅም ነበር። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ጎረቤቱ ላይ ለቅቆ ተኝቶ ያድር ነበር። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፣ ምን ይደረግ።

ልንሄድ ስንል አባባ በደረጃው ሥር ጠሩኝ። ለዲድሪክ አትነግሪውም፣ አዎ በይኝ አሉ። በእኛ ዘንድ መሐላ የለም፤ አዎ ካልን አዎ ነው፤ አንተም በዚያው ነው ያደግኸው። ዓይናቸውን አይቼ አዎ አልኩ። ይኸው ዛሬ ቃሌን በላሁት። ግን ዛሬ ጠዋት የሆነውን ካየሁ በኋላ ያንን አዎ ጠብቄ ብቀር እግዚአብሔርም ይቅር የሚለኝ አይመስለኝም።

ዛሬ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ጎራ አልኩ። እማዬ ኩሽናው መሐል መጥረጊያውን ይዛ ቆማለች። ፊቷ ወረቀት መስሏል። እኔን ስታይ መጥረጊያውን አንስታ ወለሉን መታችልኝ፤ አብረን አዳመጥን። ፓምፑ ይሰማል። ሌላ ድምፅ የለም። ደግማ መታች። ፓምፑ ብቻ።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። አባባ ከወንበሩ ወድቀው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ውሃው ውስጥ ተቀምጠዋል። ወንበሩ ይንሳፈፋል። ዓይናቸው ክፍት ነው፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል፣ ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ታቅፈዋል። ሲወድቁ ምስማሯን ነቅለዋት ገመዱ ወርዷል፤ ያ በፕላስተር የተጠቀለለው ቅጥል ከውሃው ስንዝር እንኳ በማትሞላ ከፍታ ይወዛወዛል። አባቴ እዚያው ውሃ ውስጥ ናቸው። ወደ ላይ ጮኼ እማዬን ዋናውን ማብሪያ አስጠፋኋት።

ፓምፑ ቆመ። ያን ጊዜ የሰማሁትን ልነግርህ አልችልም። በየግድግዳው ስንጥቅ ውሃው ሲገባ ይሰማል፤ ስስ፣ የማያቋርጥ፣ ከአራቱም በኩል። ፓምፑ ሲጮህ ሸፍኖት ኖሯል። ጉድጓዱም ወዲያው ያብጥ ጀመር፤ በዓይኔ እያየሁት ከእግሬ ወደ ላይ መጣ። አባባ እኔን አላዩኝም፤ ጉድጓዱን ነበር የሚያዩት። እጃቸው ተሰብሮ፣ ብርድ እያንቀጠቀጣቸው “መልሰሽ አብሪው፣ አጋኔታ፣ ቶሎ መልሰሽ አብሪው” ነበር የሚሉኝ።

ጎትቼ ወደ ደረጃው አወጣኋቸው። ገመዱን ከወራጁ ጋር አሰርኩት፣ ከዚያ ፓምፑን አስነሳን። ሐኪሙ መጥቶ የእጃቸው አንጓ ተሰንጥቋል ብሎ አሰረላቸውና አልጋ ላይ እንዲቆዩ አዘዘ። ሳንባቸውን ሲያዳምጥ ብዙ ቆየ፤ ሲጨርስም መሣሪያውን ጠቀለለ። ከሰዓት በኋላ ሾርባ ይዤ ስመለስ አልጋው ባዶ ነበር። እማዬ መጥረጊያዋን ይዛለች። ከታች፣ በአንድ እጅ፣ ይመልሱላታል።

አሁን የምለምንህን ስማ። ና ሽጥልኝ አላልኩህም፤ ሰው ልከህ በጉልበት አስወጣልኝም አላልኩህም። ይህ ደብዳቤ ዓርብ ወይም ቢዘገይ ቅዳሜ ይደርስሃል። እንደደረሰህ ደውልላቸው። ስለ ውሃው አንዳች ነገር አትጠይቃቸው። የነገርኩህንም አታንሳ፤ ቃሌን መብላቴን እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። እንዲህ ብቻ በላቸው፦ አባባ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ውሃ ቢገባም የእርስዎ ነው፤ እኔ አልሸጠውም። በእኛው ቋንቋ በላቸው እንጂ በእንግሊዝኛ እንዳይሆን፤ በእንግሊዝኛ የተነገረውን አባባ እንደ ቃል አይቆጥሩትም። አንተ አዎ ካልካቸው ያምኑሃል። ያንን ቃል ቢሰሙ ከዚያ ወንበር ይነሳሉ፤ እማዬም እኔም ጠይቀናቸው እንደዚያ ብለውናል። እኛ አዎ ብንላቸው ዋጋ የለውም፤ ያስፈራራሃቸው አንተ ነህ። ደርበህ ብትመጣ ደግሞ መንገዱ ሳይቆረጥ ና፤ ከከተማው ወዲህ ያለው ድልድይ ከመጪው ሳምንት አጋማሽ በኋላ ይዘጋል እየተባለ ነው። የቤት ነገር በጋ ላይ በደረቅ መሬት ተቀምጠን እንጨቃጨቅበታለን። አንተም እንደልብህ ትጮሃለህ፣ እኔም እንደልቤ እመልስልሃለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱን ሳልነግርህ ፖስታውን ማሸግ አልቻልኩም። ሳጥኗ ስትደውል የምትናገረው በአባባ ድምፅ ነው። በገና ማግስት አፋቸው ለውዝ እንደሞላ አንተ ነህ ጎትተህ ያስቀረጽካቸው። በማርች ስትደውልልኝ “ኢስብራንድ ነኝ፣ ምድር ቤቱ ውሃ ገብቶታል” ሲሉኝ አባባ የት ሆነው ነው ብዬ እንደ ሞኝ ከሳጥን ጋር ሳወራ ነበር። ሳጥኗ ባትሪ አላት፤ ቤቱ ጨለማ ቢሆንም ትደውላለች። ቆርቆሮው ደግሞ የተሰቀለው ጣሪያው ሥር ነው። ስለዚህ አንተ ሳትደውልላቸው በፊት ስልክህ ጮሆ የአባባን ድምፅ ብትሰማ፣ ድምፁ ረጋ ያለ ነው ብለህ አትጽናና። ውሃው እዚያ ድረስ ደርሷል ማለት ነው፤ የሚያናግርህም ሳጥኗ ናት።

ዶሪንን ሳምልኝ፤ የላከችልኝን የአበባ ዘር መሬቱ ሲፈታ እተክለዋለሁ። ኬንትን አክስትህ በርታ ብላሃለች በለው። የሊያንን ጉንጭ በእኔ ፈንታ ንከስልኝ። ጌርሃርድ ሰላም ብሎሃል፤ በአባባ ነገር ተናዶብሃል፣ ግን ይወድሃል። ልጆቼ አጎታችን መቼ ይመጣል ይላሉ። ኦልፈርት ሰላም በይልኝ ብሎኛል። እማዬ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት፤ አንድ እጇ መጥረጊያው ላይ ስለሆነ በሌላው ወረቀቱን ዳሰስ አድርጋ ይህ ከእኔ ነው በይው አለችኝ።

ከአባባ የምልክልህ ሰላምታ የለኝም። መጻፌን አያውቁም።

እህትህ አጋኔታ

ኖየንግሩንድ፣ ማኒቶባ
ሰኞ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 1996